ክፈፍ ባላቸው የጣሪያ ወራጆች ላይ የሚያርፈውን የነፋስ ጭነት ማስላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቤት ባለቤቶች፣ ከአናጺዎችና ሥራ ከጀመሩ ወጣት መሐንዲሶች የሚመጡ ናቸው፤ የስሌቱ አካሄድ በዩሮኮድ (በአውሮፓ የግንባታ ዲዛይን ደንቦች) ላይ የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ይከተላል።

ክፈፍ የምንለው የትኛው ክፍል ነው? ወራጁንስ እንዴት ይመለከተዋል?

ክፈፍ ማለት ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣው፣ ጠፈጠፉን ከግድግዳው የሚያርቀው ጠርዝ ነው። ወራጁ ባሕር ዛፍም ይሁን ሞራሌ ወይም የብረት ቱቦ፣ አንድ ጫፉ በቤቱ መካከል ይደገፋል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ በግድግዳው ራስ ላይ ያርፍና የቀረው ክፍሉ ያለ ምንም ድጋፍ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነፋስ ክፈፉን ሲያነሳ ያ የተንጠለጠለ ጫፍ እንደ ማንሻ ዘንግ ይሠራል፤ ኃይሉም በዋነኛነት ወራጁ ከግድግዳው ጋር በታሰረበት ነጥብ ላይ ይከማቻል።

ነፋስ ወደ ጎን የሚገፋ ከሆነ ጣሪያ ለምን ወደ ላይ ይነሳል?

ነፋስ ግድግዳ ሲመታ ይቆማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከፊሉም ግድግዳውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና ክፈፉ ሥር ገብቶ መውጫ ያጣል። በዚያው ቅጽበት በጠርዙ ላይ የሚያልፈው አየር ከጣሪያው ገጽ ተላቆ ስለሚሄድ ከላይ በኩል የመምጠጥ ኃይል ይፈጥራል። ከታች የሚገፋውና ከላይ የሚመጥጠው ሁለቱም አቅጣጫቸው ሽቅብ ነው። በሌላው የጣሪያ ክፍል ላይ የውጭው ግፊት ብቻውን ወይም ከውስጡ ግፊት ጋር ይሠራል፤ በክፈፍ ላይ ግን ሁለት የውጭ ግፊቶች በአንድ ላይ ይደመራሉ። ስለ ክፈፍ የሚነገረው ሌላው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የጣሪያው ክብደት ራሱ አይይዘውም?

የቆርቆሮ ጣሪያን አይይዘውም። የ0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ በአንድ ሜትር ካሬ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ወራጁና ፐርሊኑ (በወራጆቹ ላይ አግድም የሚሄደውና ቆርቆሮው የሚቸነከርበት እንጨት ወይም ብረት) ተጨምረውበት እንኳ ቀላል ጣሪያ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም በሜትር ካሬ አካባቢ ነው። ከታች በምሳሌው እንደሚታየው በክፈፍ ላይ ያለው የማንሳት ግፊት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ መጫን የተለመደ ቢሆንም ኃይሉን ወደ መሬት የሚያደርስ ነገር አይደለም፤ ጣሪያው ሲነሳ ደግሞ ድንጋዩ በሰው ላይ ይወድቃል።

ለስሌቱ የምንነሳበት የነፋስ ፍጥነት ስንት ነው?

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ መነሻውን 22 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ያህል አድርጎ ያስቀምጣል። ይህ ፍጥነት በገላጣ ሜዳ ላይ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ የተለካ የ10 ደቂቃ አማካይ ሲሆን፣ በማንኛውም አንድ ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ ከመቶ ሁለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 22 የድንገተኛው ንፋስ ፍጥነት አይደለም። ዝናብ ሊጥል ሲል ድንገት የሚነሳውና አቧራውን የሚያስነሳው ነፋስ ለጥቂት ሰከንዶች ከአማካዩ እጅግ ይፈጥናል፤ ያ ልዩነት በስሌቱ ውስጥ የሚገባው በኋላ በሚመጣው የመጋለጥ ኮኤፊሸንት (ማባዣ ቁጥር) በኩል ነው።

ከፍታ ቦታ ላይ መሆናችን ጭነቱን ይቀንሰዋል?

አዎን፣ ይቀንሰዋል፤ ምክንያቱም ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። የ1995ቱ ኮድ የአየርን ክብደት በባሕር ወለል 1.20፣ በ1,000 ሜትር ከፍታ 1.06፣ በ2,000 ሜትር ደግሞ 0.94 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አድርጎ ይወስዳል። መነሻው ግፊት የአየሩ ክብደት ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ስለሚገኝ፣ በባሕር ወለል 290 ኒውተን በሜትር ካሬ የሚሆነው አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ ወደ 227 ይወርዳል።

ይህ ቅናሽ ግን ከአንድ አምስተኛ ብዙም አይበልጥም፤ ግፊቱም የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ቤቱ ያለበት አቀማመጥ ፍጥነቱን አንድ አስረኛ ብቻ ቢያሳድገው ቅናሹ አብዛኛው ይጠፋል። የደጋው ሰው ቤቱን በኮረብታ ጫፍ ወይም በገደል አፋፍ ላይ መሥራት ያዘወትራል። ነፋሱ የሚመጣበት ዳገት ዝንባሌ ከ3 ዲግሪ በላይ ከሆነ የአቀማመጡ ውጤት ተጣርቶ መታየት አለበት፤ «ደጋ ነን» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ይህን ግፊት ወደ ቤቱ ጣሪያ እንዴት እናደርሰዋለን?

በመጋለጥ ኮኤፊሸንት ይባዛል፤ እሱም በጣሪያው ጫፍ ከፍታና በአካባቢው መሬት ዓይነት ይወሰናል። ለምሳሌ ጫፉ 5 ሜትር የሆነ ቤት፣ ሣር በለበሰና አልፎ አልፎ ብቻ ዛፍ ወይም ቤት ባለበት ገላጣ (ምድብ 2) ከሆነ ኮኤፊሸንቱ 1.93 ይሆናል፤ በመንደር ወይም በከተማ ዳርቻ ቤቶች መካከል (ምድብ 3) ከሆነ 1.28 ነው። ስለዚህ በ227 ሲባዛ፣ በገላጣው 0.44፣ በመንደሩ 0.29 ኪሎ ኒውተን በሜትር ካሬ እናገኛለን (አንድ ኪሎ ኒውተን የ100 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው)።

ምድቡን የሚመርጠው ሰው ዛሬ የሚያየውን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚሆነውን ማሰብ አለበት። በባሕር ዛፍ የተከበበ ቤት የተከለለ ይመስላል፤ ባሕር ዛፍ ግን የሚተከለው ተቆርጦ ሊሸጥ ነው። እኔ በገጠር ለሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ሁልጊዜ ምድብ 2ን እወስዳለሁ፤ በእንጨትና በብረት የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው።

ጣሪያው በዞን የሚከፋፈለው ለምንድን ነው? ክፈፉስ በየትኛው ዞን ይወድቃል?

መምጠጡ በጣሪያው ሁሉ እኩል አይደለም፤ አየሩ በሚላቀቅበት ጠርዝ አጠገብ እጅግ ይበረታል፣ ወደ ውስጥ እየገባን ስንሄድ ይረግባል። ስታንዳርዱ ማዕዘኖቹን ዞን ኤፍ፣ የቀረውን የነፋስ ፊት ጠርዝ ዞን ጂ፣ የውስጡን ዞን ኤች ይላቸዋል። የጠርዙ ስፋት የሚለካው ነፋሱ ፊት ለፊት ከሚመታው የቤቱ ወገን ርዝመትና ከቁመቱ እጥፍ መካከል ያነሰውን ወስዶ ለ10 በማካፈል ነው። በአብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ይህ ስፋት ከ0.8 እስከ 1 ሜትር ስለሚደርስ፣ ክፈፉ በሞላ ጎደል እጅግ በሚመጠጠው ዞን ውስጥ ያርፋል።

ባለ 15 ዲግሪ ሁለት ውድቅት (ወደ ሁለት ወገን የሚያዘነብል) ጣሪያን ብንወስድና ነፋሱ ክፈፉን ፊት ለፊት ቢመታው፣ ከ10 ሜትር ካሬ በላይ ለሚሸከም አካል የመምጠጥ ኮኤፊሸንቱ በዞን ኤፍ 0.9፣ በጂ 0.8፣ በኤች 0.3 ነው። 1 ሜትር ካሬ ብቻ ለሚሸከም አካል፣ ማለትም ለምስማርና ለጠርዝ ፐርሊን፣ የዞን ኤፍ ዋጋ ወደ 2.0 ይወጣል። ነፋስ በትንሽ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ እጅግ ሊበረታ ስለሚችል ነው፤ በሰፊ ቦታ ላይ ግን ያው ጡጫ በየቦታው በተለያየ ቅጽበት ስለሚደርስ ይመጣጠናል። በሁለቱ መካከል ላለ ስፋት በሎጋሪዝም ሚዛን መካከለኛውን እንወስዳለን።

አንድ ውድቅት ያላቸው ጣሪያዎች የባሰ ናቸው። ነፋሱ ከከፍተኛው ጠርዝ በኩል ከመጣ በ15 ዲግሪ ዝንባሌ የማዕዘኑ ኮኤፊሸንት ለሰፊ አካል እንኳ 2.5 ነው። ከፍ ባለው ጠርዝ በኩል ረጅም ክፈፍ የሚያወጡ ሱቆችን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማሰሪያው ነው።

ከክፈፉ ሥር ያለው ግፊት ስንት ተደርጎ ይወሰዳል?

ስታንዳርዱ የሚለው አጭር ነው፦ ከላይ የጣሪያው ዞን ግፊት፣ ከታች ክፈፉ የተያያዘበት ግድግዳ ዞን ግፊት። ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳ (ዞን ዲ) እንደ ቤቱ ቁመትና ጥልቀት ከ0.7 እስከ 0.8 ይገፋል፤ ለትንሽ አካል 1.0 ነው። ስለዚህ በማዕዘን ላለ ምስማር 2.0 እና 1.0 ተደምረው 3.0 ይሆናሉ፤ በገላጣ ቦታ ይህ 1.32 ኪሎ ኒውተን በሜትር ካሬ ነው። ፐርሊኑ በየ80 ሴንቲ ሜትር፣ ምስማሩ በየ30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከ1.5 የደኅንነት ፋክተር ጋር አንድ ምስማር 48 ኪሎ ግራም ያህል ሽቅብ ይሳባል።

በሌሎች የነፋስ አቅጣጫዎች ነገሩ ይለወጣል። በነፋሱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ስለሚመጠጥ፣ የዚያ ወገን ክፈፍ ከላይም ከታችም ተመጥጦ ኃይሎቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ነገር ግን ነፋስ ከየትም ሊመጣ ስለሚችል እያንዳንዱ ክፈፍ ለክፉው አቅጣጫ መሰላት አለበት።

አንድ ሙሉ ስሌት በምሳሌ ሊታይ ይችላል?

10 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ወርድ፣ እስከ ጫፉ 5 ሜትር ቁመት ያለው፣ መካከለኛ ግድግዳው ወራጁን የሚደግፍ፣ 15 ዲግሪ ዝንባሌ ያለው ቤት በገላጣ ቦታ አለ እንበል። ወራጆቹ በየ1.2 ሜትር ተቀምጠዋል፤ ከግድግዳ እስከ መካከለኛው ድጋፍ 4 ሜትር፣ ክፈፉ 0.8 ሜትር ነው። አንዱ ወራጅ 5.8 ሜትር ካሬ ያህል ስለሚሸከም የማዕዘኑ ዋጋ ከላይ 1.16፣ ከታች 0.81፣ ድምሩ 1.97 ይሆናል። ይህን በ0.44 ግፊትና በ1.2 ሜትር ስናባዛ በወራጁ ርዝመት 1.04 ኪሎ ኒውተን በሜትር፣ በመላው ክፈፍ ላይ 0.83 ኪሎ ኒውተን እናገኛለን። ከግድግዳው በስተውስጥ ያለው ክፍል 0.3 መመጠጥና 0.2 የውስጥ ግፊት ብቻ ስላለበት 0.26 ኪሎ ኒውተን በሜትር ነው። ዞን ኤፍ ከግድግዳው ወደ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚዘልቅ ለማቅለል ትቼዋለሁ።

አሁን በመካከለኛው ድጋፍ ዙሪያ ሞመንት (ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚገኘውን የማዞር ጉልበት) እንውሰድ። የክፈፉ ኃይል ከግድግዳው 0.4 ሜትር ወጣ ብሎ ስለሚሠራ በግድግዳው ማሰሪያ ላይ በ4.4 ተባዝቶ ለ4 ተካፍሎ፣ 0.92 ኪሎ ኒውተን ሆኖ ይደርሳል። የውስጡ ክፍል ግማሹን፣ 0.53፣ ያካፍላል። ድምሩ 1.45 ነው። በ1.5 ተባዝቶ 2.17፤ ከዚህ በ0.9 የተባዛው የጣሪያው ክብደት፣ 0.37፣ ሲቀነስ፣ ማሰሪያው 1.80 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ180 ኪሎ ግራም በላይ መያዝ አለበት።

ከወራጁ ርዝመት አንድ ስድስተኛ የሆነው ክፈፍ በማሰሪያው ላይ ካረፈው የነፋስ ኃይል ከስድሳ በመቶ በላይ አመጣ። ክፈፉን ትቶ በግድግዳዎቹ መካከል ያለውን ጣሪያ ብቻ የሚያሰላ ሰው የማሰሪያውን ሸክም ከግማሽ በታች አድርጎ ይገምተዋል ማለት ነው።

እንግዲያው ክፈፉን ማሳጠር ይሻላል?

በክፈፉ ሥር ያለው ሞመንት በርዝመቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ 0.8 የነበረውን 1.2 ሜትር ማድረግ ሞመንቱን ሁለት እጥፍ ከሩብ ያደርሰዋል። ቢሆንም የጭቃ ግድግዳ ላለው ቤት ክፈፍን ማሳጠር አልመክርም። የክረምት ዝናብ ጭቃውን ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ያለ ነፋስም ይፈርሳል። ለብሎኬት ቤት 60 ሴንቲ ሜትር በአብዛኛው ይበቃል። ለጭቃ ቤት ክፈፉ ይርዘም፤ ወራጆቹ ግን በማዕዘኖቹ አካባቢ ይጠጋጉ፣ ወይም ክፈፉ ከግድግዳ በሚነሳ ሰያፍ እንጨት ከሥር ይደገፍ፤ ሰያፉም ሲነሳ እንዳይላቀቅ በሁለቱም ጫፎቹ ይታሰር።

የክፈፉ ሥር በኮርኒስ ከተዘጋ ጭነቱ ይቀራል?

አይቀርም። ከታች የሚገፋው ግፊት መጀመሪያ ኮርኒሱን ይመታል፣ ኮርኒሱም የተቸነከረው በወራጁ ላይ ስለሆነ ወራጁ የሚሸከመው ድምር አይለወጥም። የሚለወጠው የቆርቆሮው ምስማር ዕጣ ነው፤ ኮርኒሱ በደንብ ከተዘጋ ምስማሩ የታችኛውን ግፊት በሙሉ አይቀበልም። በግድግዳው ራስና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት ግን ሌላ ጥቅም አለው፤ ነፋስ ወደ ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል።

በር ወይም መስኮት ክፍት ቢሆን ስሌቱ ይለወጣል?

በእጅጉ ይለወጣል። ከላይ የወሰድነው 0.2 የውስጥ ግፊት ሁሉም በተዘጋበት ሁኔታ ነው። በነፋሱ ፊት ያለው ክፍት ቦታ ከሌሎቹ ወገኖች ክፍተቶች ድምር ሁለት እጥፍ ሲሆን የውስጡ ግፊት የዚያ ግድግዳ ግፊት 75 በመቶ፣ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን 90 በመቶ ይደርሳል። በምሳሌያችን ይህ ከ0.56 እስከ 0.68 ማለት ነው፤ የውስጠኛው ክፍል የግፊት ኮኤፊሸንት ድምር ከ0.5 እስከ 1.0 ገደማ ያድጋል። ሰፊ በር ያለው የእህል መጋዘን ወይም ጋራዥ በዚህ መንገድ ሊሰላ ይገባዋል፤ በሩ በማዕበል ጊዜ ይዘጋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የበረንዳ ጣሪያ እንደ ክፈፍ ይቆጠራል?

ከዋናው ጣሪያ ቀጥሎ የወጣና በውጭው ጫፉ በምሰሶ የተደገፈ በረንዳ ከሥሩ የግድግዳውን ግፊት እንደ ክፈፍ ይቀበላል፤ የሚለየው የማንሳቱ ኃይል ከፊሉ ወደ ምሰሶዎቹ መሄዱ ነው። ስለዚህ ምሰሶው ከላይ የሚሸከም ብቻ ሳይሆን ወደ ታች የሚስብ መሆን አለበት። በድንጋይ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ የእንጨት ምሰሶ አይስብም፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከተነሳ በኋላ ሥራው ሁሉ ወደ ግድግዳው ማሰሪያ ይመለሳል።

ወራጁ ጠንካራ ሆኖ ጣሪያው ለምን ይገነጠላል?

ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እንጨቱ ስላልሆነ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ያነሳውን የአንድ አዳራሽ ጣሪያ እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። ወራጆቹ ጤነኛ ነበሩ። ከማዕዘኑ አጠገብ ምስማሮቹ ከነባርኔጣቸው በፐርሊኑ ላይ ቀርተዋል፤ ቆርቆሮው ግን በእያንዳንዱ ምስማር ዙሪያ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ተተርትሮ ሄዷል። በሌላው ጎን ወራጁ ከግድግዳው ጋር የታሰረበት ጥቁር ሽቦ አልተበጠሰም ነበር፤ የተጠመዘዘበት ተፈትቶ፣ ጫፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ሌላው የማይታይ ድካም በወራጁ ሆድ ላይ ነው። አናጺው ወራጁ በግድግዳው ራስ ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ለክብደት ጉዳት የለውም፣ ምክንያቱም ክፈፉ ወደ ታች ሲጎብጥ የሚለጠጠው የእንጨቱ የላይኛው ገጽ ነው። ነፋስ ሲያነሳው ግን የሚለጠጠው የታችኛው ገጽ ይሆናል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ቦረቦር ነው። ስለዚህ ጥንካሬውን ስናሰላ ከቦረቦሩ በላይ የቀረውን ቁመት ብቻ እንወስዳለን፤ ቦረቦሩም ከእንጨቱ ቁመት ሩብ ባይበልጥ ይመረጣል። ትረስ (በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተያያዘ የጣሪያ ተሸካሚ) ከሆነ ደግሞ በክብደት ጊዜ የሚለጠጠው የታችኛው ዘንግ በነፋስ ጊዜ ይጨመቃል፤ ቀጭን ከሆነ ወደ ጎን ይጎብጣልና መጣራት አለበት።

ማሰሪያው ወራጁን ከያዘ በኋላ ሥራው አለቀ?

አላለቀም፤ ኃይሉ መሬት እስኪደርስ መከታተል ያስፈልጋል። በግድግዳው ራስ ላይ የሚዞር፣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ማሰሪያ በአንድ ሜትር 1 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል፤ በ1.2 ሜትር ርቀት 1.2፣ በ0.9 ተባዝቶ 1.08 ነው። በምሳሌያችን ወራጁ 1.80 ስለሚያነሳ የኮንክሪት ማሰሪያው ክብደት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የማሰሪያው ፌሮ ከቋሚዎቹ ኮንክሪት ፌሮ ጋር መያያዝ ይኖርበታል፤ ካልሆነ ጣሪያው ማሰሪያውን ከብሎኬቱ ላይ አላቆ ይዞት ይነሳል።

ለወራጁ ራሱ ኮንክሪቱ ሲሞላ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በማሰሪያው ፌሮ ሥር አዙሮ ሁለት እግሩን ሽቅብ መተው፣ ከዚያም በወራጁ ላይ አጥፎ በምስማር ማጣበቅ ቀላልና ርካሽ መንገድ ነው። የአንዱ እግር አቅም ብቻ ከ1.80 ኪሎ ኒውተን ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ የሚፈራው የፌሮው መበጠስ ሳይሆን አለመቀበሩ ነው። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በእያንዳንዱ ወራጅ ቦታ ፌሮው መኖሩን በዓይን አይቶ መቁጠር የተቆጣጣሪው ሥራ ነው፤ በአራቱ ማዕዘኖች ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራጆች ድርብ ማሰሪያ ቢኖራቸው እመርጣለሁ።